ከሳጥን እስከ ተገጣጣሚ ቁምሳጥን፦ የተከራይ ዕቃ ስንት ጉዞ ይችላል?

የዛሬው ርእስ ለታሪክ ንግግር የሚያንስ መስሎ የታያችሁ ትኖራላችሁ። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ መሬት ሥሪት ሳይሆን ስለ ርካሽ ቁምሳጥን እናገራለሁና። ነገር ግን ጥቂት ከታገሣችሁኝ፣ መሬትም ጦርነትም ነገሥታትም በየተራቸው ቁምሳጥኑ ውስጥ እንደሚገኙ አሳያችኋለሁ።

በዘመናችን አንድ ወጣት ሥራ ይዞ ቤት ሲከራይ፣ ከፍራሽና ከምድጃ ቀጥሎ የሚገዛው ልብሱንና መጽሐፉን የሚያኖርበትን ዕቃ ነው። አቅሙ የሚፈቅድለትም አብዛኛውን ጊዜ ተገጣጣሚውን ነው፤ ወይ ከቺፑድ ተቆርጦ በብሎን የተያያዘውን፣ ወይ በቀጫጭን የብረት ቱቦ ላይ ጨርቅ የለበሰውን። ገዢው «ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም በዓመት ይመልስለታል። የእኔ ክርክር ጥያቄውም መልሱም መስፈሪያቸው የተሳሳተ ነው የሚል ነው። በአገራችን የዕቃ ዕድሜ በዓመት አይቆጠርም፤ በጉዞ ነው የሚቆጠር። በአንድ ክፍል ውስጥ አሥር ዓመት ሳይነካ የሚቆም መደርደሪያ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ቤት ከቀየረ ሦስተኛውን በር አያልፍም። ስለዚህ ስለ ዕቃው ጥንካሬ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሰዎች ለምን፣ በየስንት ጊዜው፣ በማን ፈቃድ ቤት እንደሚለቅቁ ነው። ይህ ደግሞ የታሪክ ጥያቄ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። «ቁምሳጥን» ማለት የቆመ ሳጥን ማለት ነው። አማርኛ ይህን ዕቃ እንደ አዲስ ፍጥረት አልቆጠረውም፤ ቀድሞ የሚያውቀውን ሳጥን አቁሞ ስም አወጣለት። ሳጥን ይጋደማል፣ ይነሣል፣ ይጫናል። ቁምሳጥን ይቆማል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሚሄድ ሰውና በሚኖር ሰው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ቋንቋችን ለዚህም ሁለት ቃላት አሉት፤ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ «ዕቃ» ይባላል፣ ሲንቀሳቀስ «ጓዝ» ይሆናል። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በጥንቱ አገባቡ የንጉሡን ወይም የጦሩን ሰፈር ያመለክት እንደነበር የዜና መዋዕል አንባቢዎች ያውቃሉ። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መቀመጫቸው ከማድረጋቸው በፊት በነበሩት ዘመናት ቤተ መንግሥቱ በአብዛኛው ድንኳን ነበር፤ ግምጃ ቤቱም የሚጫን ነበር።

እንዲህ ያለ ኑሮ የራሱን የዕቃ ጥበብ ፈጥሯል። አቅማዳውና ስልቻው ከቆዳ ናቸው፤ ሲሞሉ ይቆማሉ፣ ባዶ ሲሆኑ ይጠቀለላሉ፣ ቢወድቁ አይሰበሩም። አገልግሉ በውስጡ ስፌት፣ በውጭው ቆዳ ነው፤ ክዳኑ በጠፍር ይታሰራል። ማጠፊያ የለውም፤ ስለዚህ የሚላቀቅ ማጠፊያ የለውም። ዛሬ በፋብሪካ ሥራ «ደካማው ቦታ መጋጠሚያው ነው» የሚባለውን ነገር አገልግል ሰፊዋ ሳትጽፈው ታውቀው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ገበሬው ቤት ግን ሌላ ነው። እዚያ እህሉ አይጓዝም፤ ስለዚህ ጎታው ከጭቃ፣ ከገለባና ከእበት ይሠራል። በየቤቱ ካየኋቸው ጎታዎች መካከል በክፍል በክፍል፣ እንደ ቀለበት እየተበጁ ከደረቁ በኋላ አንዱ በሌላው ላይ የሚደረደሩና መገጣጠሚያቸው በጭቃ የሚመረግ አሉ። ምርቱ ሲበዛ ቀለበት ይጨመራል። ይህን «ተገጣጣሚ» ከማለት በቀር ምን ልንለው እንችላለን? ብዙ ዘመን የሚኖርበት ምክንያት ግን ጭቃው ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። ከቦታው ስለማይነሣ ነው። ወደ ሐረር ብንሄድ ደግሞ ነገሩ እስከ መጨረሻው ጫፍ ደርሶ እናገኘዋለን፤ በግንብ በታጠረችው ከተማ ውስጥ ያለው ጥንታዊ ቤት መጽሐፉንና ሣህኑን የሚያኖረው በግድግዳው ውስጥ በተበጁ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች ነው። ቤቱ ራሱ ቁምሳጥን ነው። ለትውልዶች እንደሚኖርበት የሚያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር ልብሱን የሚያኖርበትን ቦታ ከግድግዳ ጋር አያንጽም።

የእንጨቱና የቆርቆሮው ሳጥን በእነዚህ በሁለቱ መካከል የመጣ ነው። በግራና በቀኝ እጀታ አለው፤ ሁለት ሰው ይሸከመዋል፣ በበቅሎም በአውቶቡስ ጣሪያም ይጫናል። የአዳሪ ተማሪውና የወታደሩ ሳጥን ይህ ነው። ስለ ሐዋሳ ስናስብ ይህን ሳጥን ልንዘነጋው አንችልም። ከተማችን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ከነዋሪዎቿ መካከል ከውትድርና ተሰናብተው በአካባቢው መሬት የተሰጣቸው ይገኙበታል። ጡረተኛ ወታደር ቡፌ ተሸክሞ አይመጣም። በአንዳንድ የቀድሞ ቤቶች ጓዳ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ሳጥን ዛሬም ተቀምጦ ይገኛል፤ ክዳኑ የጎበጠ፣ ቁልፉ የጠፋ፣ ነገር ግን ሳጥንነቱን ያልተወ።

አሁን ወደ አናጢው እንሂድ። የአናጢውን ሱቅ ቃላት ያዳመጠ ሰው የታሪክ ሰነድ የሰማ ያህል ነው። ካቻቪቴ፣ ኮላ፣ ሰጋቱራ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ላሜራ፣ ኮመዲኖ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መጋዝና ምስማር ቀድሞ ነበሩን፤ ብሎን መፍቻው፣ ማጣበቂያውና በፋብሪካ የተጣበቀው ስስ ጣውላ ግን ስማቸውን ይዘው መጡ። ከነዚያ በፊት የሠለጠነው አናጢ አንዱን እንጨት አሹሎ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ እየሰካ፣ ዝግባን፣ ዋንዛን፣ ወይራን እያወቀ ይሠራ ነበር። እነዚህ ዛፎች እየራቁ ሲሄዱ በ1880ዎቹ ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ መንግሥት ያስገባው ባሕር ዛፍ አገሩን ሞላው። ባሕር ዛፍ ለማገዶ፣ ለግድግዳና ለጣሪያ ባለውለታችን ነው። ለቁምሳጥን ግን አስቸጋሪ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ቺፑድ ለአገራችን አንድ ትርጉም ቢኖረው ይህ ነው፤ ለጣውላ የማይመቸውን ዛፍ ፈጭቶ ሰፊና ቀጥ ያለ ገጽ ማድረግ። በማይጨው የተተከለው የፓርቲክል ቦርድ ፋብሪካ ባሕር ዛፍን ጥሬ ዕቃው ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ወደ ቺፑዱ ከመግባቴ በፊት ግን በአንድ አዋጅ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ በእኔ ግምት የአገራችንን የቤት ዕቃ ታሪክ እንደዚህ አዋጅ የለወጠው ነገር የለም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ስለ አዋጁ ፖለቲካ ብዙ ተጽፏል። ስለ ቡፌው ግን የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። የቀበሌ ቤት የያዘ ቤተሰብ ኪራዩ ዝቅተኛና የማይለዋወጥ ሆነለት፤ ከቤቱ የሚያስወጣው ባለቤትም ቀረ። ጣሪያው ቢያፈስም፣ ግድግዳው ቢዘምም፣ ሰዎች በአንድ በር ሠላሳና አርባ ዓመት ገብተው ወጡ። ባለ መስታወቱ ቡፌ የከተማ ሳሎን ንጉሥ ሆኖ የከረመው እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ነው። ከባድ ነው፣ ወጥ ነው፣ አይፈታም። አንዳንዱ ከበሩ የሚሰፋ ስለሆነ በሩ ተነቅሎ፣ ወይም አናጢው እቤት ድረስ መጥቶ የሠራው ነው። የቡፌውን ጽናት ለድሮ እንጨት ጥራት ብቻ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ እንጨቱ ጥሩ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ያ ቡፌ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የተጓዘ፣ ከአናጢው ቤት እስከ ሳሎን፣ መሆኑን አብረን እንቁጠርለት።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የዕቃ ሥራ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሄዶ ነበር። መነሻው ሩቅ ነው። ሚካኤል ቶኔት እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣው 14 ቁጥር ወንበር ከስድስት እንጨቶች፣ ከአሥር ብሎንና ከሁለት ዳዶ የተሠራ ነበር፤ ተፈትቶ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ ይታሸግ ነበር። የቺፑድ የመጀመሪያው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1941 በጀርመን ብሬመን ሥራ ጀመረ፤ ጦርነት ላይ የነበረች፣ ጣውላ ያጠራት አገር የሰጋቱራና የፍቅፋቂ ክምር ላይ ዐይኗን ጣለች። ኢኬአ የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1943 ተቋቁሞ ከ1956 ጀምሮ ዕቃን በጠፍጣፋ ካርቶን አሽጎ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው ማድረግን ልማዱ አደረገ፤ ቢሊ የተባለው የመጽሐፍ መደርደሪያው እ.ኤ.አ. በ1979 ወጣ። ልብ በሉ፤ የቶኔት ወንበርና የቺፑዱ መደርደሪያ ሁለቱም «ተገጣጣሚ» ይባላሉ፤ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፊተኛው ብሎን በሙሉ እንጨት ውስጥ ይገባል። የኋለኛው በተጣበቀ ፍርፋሪ ውስጥ ነው የሚገባው። ካርቶኑ የተነደፈውም ከፋብሪካ እስከ ገዢው ቤት ላለው ለአንድ ጉዞ ነው።

ወደ እኛ አገር የመጣው በደረጃ ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ እውነቴን ግን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ሐዋሳን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ደረሰ። ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ አሳንሰር የለውም። ደረጃው ጠባብ ነው፣ መታጠፊያው አጭር ነው። ቡፌው እዚያ መታጠፊያ ላይ ቆመ። ክፍሎቹ ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ቁምሳጥን ሳይኖራቸው ስለተረከቡ ደግሞ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ቁምሳጥን ፈላጊ ሆነ። በላያቸው ላይ ከባለቤቱ ይልቅ ተከራይ የበዛባቸው ሕንፃዎች ብዙ ናቸው። ለጠባብ ደረጃና ለማይረጋ ተከራይ የሚፈታ ዕቃ ተስማሚ ነው፤ በወረቀት ላይ።

በተግባር የሚሆነውን እንመልከት። ቺፑድ የሚሞተው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው መጉበጥ ነው። ጭነቱ በየሳንቲሜትሩ እኩል እስከሆነ ድረስ የመደርደሪያው ጉብጠት በርዝመቱ አራተኛ ርቢ ያድጋል፤ ይኸውም ከ60 ሳንቲሜትር ወደ 90 የተራዘመ መደርደሪያ አንድ ተኩል ጊዜ ሳይሆን አምስት ጊዜ ያህል ይጎብጣል ማለት ነው። ውፍረቱ ከ16 ሚሊሜትር ወደ 18 ቢጨምር ግን ግትርነቱ በ40 በመቶ ያህል ይጨምራል። የሁለት ሚሊሜትር ጉዳይ ነው፤ የዋጋ ክርክርም የሚነሣው በእነዚህ ሁለት ሚሊሜትሮች ላይ ነው። መጽሐፍ የምትደረድሩ ተማሪዎች ሰፊውን ትታችሁ ጠባቡን ግዙ። ሁለተኛው ውሃ ነው። ወለሉ በተወለወለ ቁጥር እግር የሌለው ቁምሳጥን በታችኛው ጠርዙ ውሃ ይጠጣል፤ ያበጠ ቺፑድ ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም። አራት ቆርኪ ወይም አራት የሴራሚክ ስባሪ ከሥሩ ያደረገች እናት ከብዙ ዲዛይነሮች ትበልጣለች። ሦስተኛውና ዋናው ብሎኑ ነው። ብሎን ቺፑድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ጥርሱን ያወጣል። ሲነቀል ያንን ጥርስ ሰጋቱራ አድርጎ ይወጣል። ሁለተኛ ሲገባ የሚነክሰው ነገር ያጣል። ስለዚህ «ተገጣጣሚ» የምንለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገጠም ነው፤ ስሙ ከሚሰጠው ተስፋ ጋር አይስማማም።

ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ሐይቁ የወረደ ሰው ተቃራኒውን ምስክር ያገኛል። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶውና አምባዛው ከጀልባ ሲወርድ፣ አባ ኮዳዎቹ አንገታቸውን ቀብረው ተራቸውን ሲጠብቁ፣ በየጎጆው ውስጥ ያለውን ዕቃ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መሬቱ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው፤ ቺፑድ እዚያ ወር የሚከርም አይመስለኝም። ያለው የቢራና የለስላሳ ካሳ ነው። ተገልብጦ መቀመጫ፣ ተደርድሮ ጠረጴዛ፣ በጎኑ ተኝቶ የሣህንና የበርበሬ መደርደሪያ፤ ሲመሽ አንዱ በሌላው ላይ ተቆልሎ ጥግ ይይዛል። መጠኑ አንድ ዓይነት ነው፣ ታችኛው ላይኛውን ቆልፎ ይይዘዋል፣ ውሃ አይጠጣም። ብሎን የለውም፤ መጋጠሚያው ክብደቱና ቅርጹ ነው። የተሠራውም ከመጀመሪያው ጀምሮ ለጉዞ ነው፤ ከፋብሪካ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መሸታ ቤት፣ ተመልሶ ወደ ፋብሪካ፤ በመኪና ላይ እየተወረወረ። ማንም ሰው የቤት ዕቃ ብሎ ያልነደፈው ነገር፣ የቤት ዕቃ ተብለው ከተነደፉት በላይ የቤት ዕቃነትን ፈተና ያልፋል። አገልግል ሰፊዋና የካሳ አምራቹ አይተዋወቁም፤ የደረሱበት ግን አንድ ነው።

ይህ ጉዳይ የጨዋታ ወግ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መድረክ አላነሣውም ነበር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የታሰበው ለ60 ሺህ ያህል ሠራተኞች ነበር፤ አብዛኞቹ ከገጠር የሚመጡ ወጣት ሴቶች። መኖሪያ ግን በዚያው መጠን አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ባወጡት ዘገባ የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚህ ገንዘብ ብቻዋን ቤት የምትከራይ አትኖርም፤ ለሦስት ለአራት ይሆናሉ። በአንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ምድጃና አንድ የጨርቅ ቁምሳጥን።

ያ የጨርቅ ቁምሳጥን ለአንድ ሰው ልብስ የተሠራ ነው። የአራት ሰው ልብስ ሲጫንበት መጀመሪያ የሚሄደው ዚፑ ነው፤ ከዚያ በየማዕዘኑ ቱቦዎቹን የሚያያይዙት የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎች ይሰነጠቃሉ። ቱቦዎቹ ግን ደኅና ናቸው። ብዙ ጊዜ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ መገጣጠሚያው በክር ታስሮ፣ ጨርቁ ተጥሎ፣ ቱቦው የልብስ መስቀያ ሆኖ። ዕቃው ሙሉ በሙሉ የማይጠቅም የሆነው ከሁሉ በረከሰው ክፍሉ ምክንያት ነው፤ ያ ክፍል ደግሞ ለብቻው ሲሸጥ አላየሁም። ባለቤቷ ኪራይ ጨመረ፣ የሥራ ፈረቃ ተቀየረ፣ አብራት የምትኖረው ልጅ አገባች፤ በእነዚህ ሁሉ ምክንያቶች ቤት ይለቀቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስትሰረዝና ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲቀንሱ ደግሞ ብዙዎቹ ወደየቀዬአቸው ተመለሱ። የሚጫነው ልብሱ ነው። ቁምሳጥኑ ለአከራዩ ይቀራል፣ ወይም ለቆራሌው። አንዲት ሠራተኛ በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ርካሽ ቁምሳጥን ከገዛች የከፈለችው የአንድ ርካሽ ቁምሳጥን ዋጋ አይደለም። ድሀ ዕቃውን ደጋግሞ እየገዛ ውድ ያደርገዋል።

መሐንዲሶች ባልደረቦቼ «ይህ እኮ የደረጃ ጉዳይ ነው» ይሉኛል። በእርግጥ አውሮፓውያን ለዕቃ ማስቀመጫዎች ኢ.ኤን 16122 የሚባል የፍተሻ ደረጃ አላቸው፤ በር በማሽን ስንት ጊዜ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ፣ መሳቢያ ስንት ጊዜ እንደሚወጣና እንደሚገባ፣ መደርደሪያ ምን ያህል እንደሚሸከም ይለካል። ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የእኛ ቁምሳጥን የሚሞተው በሩ በመከፈቱ አይደለም፤ በአይሱዙ ላይ በመጫኑ ነው። ለኢትዮጵያ የሚጻፍ ደረጃ አንድ ዓምድ ቢጨመርበት እወዳለሁ፤ ተፈትቶ ስንት ጊዜ ሊገጠም እንደሚችል የሚናገር።

አናጢዎቻችን ሳይነገራቸው ጀምረውታል። በላላው የብሎን ቀዳዳ ውስጥ በኮላ የተነከረ የክብሪት እንጨት ሞልተው፣ ሲደርቅ እንደገና ብሎኑን ያስገባሉ፤ ለአንድ ተጨማሪ ጉዞ ይበቃል። የተሻሉት ደግሞ ብሎኑ ቺፑዱን ዘልቆ በሌላው ወገን በዳዶ እንዲታሰር ያደርጋሉ፤ ያኔ ፍርፋሪው የሚያዘው በጥርስ ሳይሆን በመጨበጥ ስለሆነ ደጋግሞ መፍታት ይቻላል። አያምርም፤ የዳዶው ራስ በውጭ ይታያል። ገበያው ደግሞ የሚታይ ዳዶ አይወድም። እኔ ግን ተማሪ ብሆን ዳዶው የሚታየውን እገዛ ነበር።

ከአናጢው ውጭ ያለው መፍትሔ ያለው በሕጉ ውስጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ እንደሌለበት ይደነግጋል። የሕግ ምሁራን ስለ ኪራይ ጭማሪው አንቀጽ ይከራከራሉ፤ እኔ ይህን የሁለት ዓመት አንቀጽ እንደ ቤት ዕቃ ታሪክ ተመልካች አነብበዋለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ይነሣ የነበረ ቁምሳጥን ሁለት ጊዜ ብቻ ከተነሣ፣ የቺፑዱ ጥራት በአንዲት ሚሊሜትር ሳይለወጥ ዕድሜው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህ በከተማችን በኪራይ ግቢዎች ውስጥ በእርግጥ እየሆነ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ውል ማንበብ አይበቃም፤ ቤት ለቤት ዞሮ ብሎን መቁጠር ያስፈልጋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጣችሁ ተማሪዎች ካላችሁ ካቻቪቴ ይዛችሁ ቢሮዬ ኑ።

እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልለፍ።